የንግድ ባለቤቶች የውል፣ የቅጥርና የክርክር ሕግ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የንግድ ባለቤቶችን የውል፣ የሠራተኛ ቅጥርና የክርክር ጉዳይ የሚገዛው ሕግ በአንድ መጽሐፍ ተጠቃሎ አይገኝም። ውልን በዋናነት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቅጥርን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ የንግድ ድርጅቶችን አቋም ደግሞ የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ይገዛሉ። ይህ ጽሑፍ እነዚህ ሕጎች በአንድ አነስተኛ ወይም መካከለኛ ድርጅት የዕለት ተዕለት ሥራ ላይ እንዴት እንደሚሠሩ ያብራራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ለምሳሌ ያህል የተወሰደው ቦታ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች አንዱ ሲሆን፣ በከተማዋ ደቡባዊና ደቡብ ምዕራባዊ ክፍል ይገኛል። ጎፋ፣ መካኒሳ፣ ለቡ፣ ጀሞና ሐይሌ ጋርመንት የሚባሉት ሰፈሮች በዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ ናቸው። በአካባቢው ጋራዥ፣ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ቤት፣ የልብስ ስፌት፣ ምግብ ቤት፣ የጅምላና የችርቻሮ ሱቅ ይገኛል። እንዲህ ባሉ ድርጅቶች ብዙው ሥራ የሚሠራው በመተዋወቅና በመተማመን ነው። ሕጉም ይህን አይከለክልም፤ አብዛኛውን ውል በቃልም ይቀበላል። ሆኖም መብት ያለው ሰው መብቱን የሚያጣው ብዙ ጊዜ በሁለት ምክንያት ነው፦ ማስረጃ ሳይይዝ በመቅረቱና ሕጉ የሰጠው ጊዜ በማለፉ።

የሕጉ አመጣጥ

የፍትሐ ብሔር ሕጉና የመጀመሪያው የንግድ ሕግ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በ1952 ዓ.ም. ወጡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ይህ ሕግ ከብዙ ማሻሻያ ጋር ዛሬም በሥራ ላይ ነው። የንግድ ሕጉ ግን በ2013 ዓ.ም. በከፊል ተተክቷል፤ ስለ ቼክና ስለ ሌሎች የሚተላለፉ የንግድ ወረቀቶች የሚናገረው የ1952ቱ ክፍል አሁንም ይሠራል።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ደግሞ ከመንግሥታት ጋር ተለዋውጧል። አዋጅ ቁጥር 210/1956 በዘውዱ ዘመን፣ አዋጅ ቁጥር 64/1968 በደርግ ዘመን ወጣ። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 42/1985 እና አዋጅ ቁጥር 377/1996 ተከተሉ። አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው።

ተዋዋዩ ማን ነው?

ውል ከመፈረሙ በፊት መታወቅ ያለበት የመጀመሪያው ነገር የሚፈርመው ሰው ማንን ወክሎ እንደሆነ ነው። በግል ስሙ ንግድ ፈቃድ ያወጣ ነጋዴ ለንግዱ ዕዳ በራሱ ንብረት ይጠየቃል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ግን ከአባላቱ የተለየ ሕጋዊ ሰውነት አለው፤ ዕዳውም በመርህ ደረጃ የማኅበሩ ነው። አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ስለዚህ ከማኅበር ጋር የሚዋዋል ሰው የንግድ ምዝገባውን፣ የሥራ አስኪያጁን ሹመት፣ ተወካይ ከሆነም የውክልና ሥልጣኑን አይቶ መፈረም አለበት።

ውል

ውል የሚጸናው መቼ ነው?

የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1675 ውልን ሲተረጉም፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ንብረትን የሚመለከት ግዴታ ለመፍጠር፣ ለመለወጥ ወይም ለማቋረጥ የሚያደርጉት ስምምነት መሆኑን ይገልጻል። በቁጥር 1678 መሠረት ውል እንዲጸና ተዋዋዮቹ ችሎታ ያላቸውና ጉድለት የሌለበት ፈቃዳቸውን የሰጡ መሆን አለባቸው። የውሉ ጉዳይ በበቂ የተወሰነ፣ የሚቻልና ሕጋዊ መሆን ይገባዋል። ሕጉ የተለየ ፎርም ካዘዘም ያ ፎርም መጠበቅ አለበት። በዚህ መንገድ የተቋቋመ ውል በቁጥር 1731 መሠረት በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል።

በጽሑፍ መሆን ያለባቸው ውሎች

በመርህ ደረጃ ውል በቃልም ይጸናል። ሕጉ ለይቶ በጽሑፍ እንዲሆኑ ያዘዛቸው ውሎች ግን አሉ። ቤትንና ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት የባለቤትነት ውል በጽሑፍ መሆንና ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ አለበት። የዋስትናና የመድን ውልም በጽሑፍ ይሆናል። በጽሑፍ መሆን የሚገባው ውል በቁጥር 1727 መሠረት ግዴታ የገቡት ሁሉ የሚፈርሙበትና በሁለት ምስክሮች የተረጋገጠ መሆን ይኖርበታል። ፎርሙ ካልተሟላ ስምምነቱ እንደ ረቂቅ ብቻ ይታያል። ሰነዶችን የማረጋገጥና የመመዝገብ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 922/2008 ይመራል።

የሱቅ ወይም የሥራ ቤት ኪራይ ከመኖሪያ ቤት ኪራይ ተለይቶ መታየት አለበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የሚመለከተው የመኖሪያ ቤትን ብቻ ነው። የንግድ ቤት ተከራይ በዚያ አዋጅ ስለማይጠበቅ፣ የኪራይ ዘመኑ፣ የጭማሪው መጠንና የማስለቀቂያው ማስጠንቀቂያ በውሉ ላይ መጻፋቸው ለእሱ ትልቅ ዋስትና ነው።

ቀብድና መቀጫ

በገበያ ቀብድ የሚታወቀው የግዢ ማሰሪያ ተደርጎ ነው። በሕጉም ትርጉም አለው። በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ከተወ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ቀብድ ግን ከቅድሚያ ክፍያ ይለያል። ቅድሚያ ክፍያ የዋጋው አካል ብቻ ነው። በደረሰኙ ላይ «ቀብድ» ወይም «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ መጻፉ ውሉ ሲፈርስ የገንዘቡን ዕጣ ሊወስን ይችላል።

ተዋዋዮች አንዱ ወገን ቢያጓድል ወይም ቢዘገይ የሚከፍለውን መጠን አስቀድመው በውላቸው መወሰን ይችላሉ። ይህ በቁጥር 1889 የተመለከተው መቀጫ ነው። ጥቅሙ ከሳሹ የደረሰበትን ጉዳት በብር ቆጥሮ ከማስረዳት ያድነዋል።

ዋጋ ሲንር

አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት የአንድን ሕንፃ በርና መስኮት በቁርጥ ዋጋ ሠርቶ ለማስረከብ ተዋዋለ እንበል። ሥራው ሳይጀመር የብረት ዋጋ በእጅጉ ቢጨምር ውሉ ይቀራል ወይ? የሕጉ መልስ ብዙዎችን ያስደነግጣል። ቁጥር 1764 የውሉ አፈጻጸም ከታሰበው በላይ ከባድ ቢሆንም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። ቁጥር 1794 ደግሞ ለሥራው የሚያስፈልጉ ጥሬ ዕቃዎች ዋጋ መጨመር ወይም መቀነስ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት እንዳልሆነ በግልጽ ያስቀምጣል። በአንጻሩ ሊታሰብ ያልቻለ የተፈጥሮ አደጋ፣ ጦርነት ወይም የመንግሥት ክልከላ አፈጻጸሙን ፈጽሞ ካገደ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ሊባል ይችላል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ይህ ድንጋጌ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ለሚሠሩ ሁሉ የተግባር ጥያቄ ሆኗል። መፍትሔው በሕጉ ሳይሆን በውሉ ውስጥ ነው። ለምሳሌ «የብረት ዋጋ በፊርማው ቀን ከነበረው ከዚህ መቶኛ በላይ ከጨመረ ዋጋው እንደገና ይሰላል» የሚል አንቀጽ ማስገባት ይቻላል። ዋጋው ጸንቶ የሚቆይባቸውን ቀናት መወሰንም ሌላው መንገድ ነው።

ብድር፣ ዋስትናና ቼክ

በቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በምስክር አይረጋገጥም። የሚረጋገጠው በጽሑፍ ወይም ተበዳሪው በፍርድ ቤት በሚሰጠው የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው። ይህ የገንዘብ ልክ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አልተለወጠም። ስለዚህ 200,000 ብር በአሥር ሰው ፊት ቆጥሮ ያበደረ ነጋዴ፣ ወረቀት ካልያዘና ተበዳሪው ከካደ፣ አሥሩንም ምስክር ማሰማት ላይችል ይችላል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ የሕግ ክብደት አለው። በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ብድር ወለድም በቁጥር 2479 መሠረት በዓመት ከ12 በመቶ መብለጥ አይችልም።

ዋስትናም እንዲሁ ነው። ዋሱ ግዴታውን በግልጽ መግባት አለበት፤ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠንም ካልተጻፈ በቁጥር 1922 መሠረት ዋስትናው ዋጋ የለውም።

ቼክ በንግድ ሕጉ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነው። «ለመያዣ ብቻ ነው» ተብሎ በቃል የሚሰጥ ቼክም ባንክ ቀርቦ ገንዘብ ከሌለ ሰጪውን በፍትሐ ብሔርም በወንጀልም ሊያስጠይቅ ይችላል። በቂ ገንዘብ ሳይኖር ቼክ ማውጣት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 የተደነገገ ወንጀል ነው። ለመያዣ ቼክ ከመስጠት ይልቅ የዋስትና ወይም የመያዣ ውል መጻፍ ይሻላል።

የኤሌክትሮኒክ መልእክት

ዛሬ ብዙ ትዕዛዝ በቴሌግራም፣ ብዙ ክፍያም በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ይፈጸማል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ያደርጋል። ኤሌክትሮኒክ ፊርማም በአዋጅ ቁጥር 1072/2010 ዕውቅና አግኝቷል። ይሁንና መልእክቱ ከማን እንደተላከና እንዳልተለወጠ ማሳየት የባለጉዳዩ ፈንታ ነው። የስክሪን ፎቶ በቀላሉ ሊቀየር ስለሚችል ዋናውን መልእክት ከስልኩ አለማጥፋት፣ ቀኑንና የላኪውን ቁጥር አብሮ መያዝ፣ የክፍያ መለያ ቁጥሩንም መዝግቦ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሕጉ የተለየ ፎርም ላዘዘባቸው ውሎች ግን የመልእክት ልውውጥ ብቻ አይበቃም።

የሥራ ቅጥር

ሠራተኛ የሚባለው ማን ነው?

ሠራተኛ ማለት በአሠሪው መሪነት በደመወዝ የሚሠራ ሰው ነው። በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራ ሰው በአዋጅ 1156/2011 አይሸፈንም፤ ግንኙነቱ የሚገዛው በውል ሕግ ነው። የሥራ መሪዎችም ከአዋጁ ውጪ ናቸው። የወረቀቱ ርዕስ ብቻ ግን ግንኙነቱን አይለውጠውም። በየቀኑ በሰዓት እየገባ፣ በባለቤቱ መሣሪያና ትዕዛዝ የሚሠራን ስፌተኛ «ተቋራጭ» ብሎ መጻፍ ሠራተኛ መሆኑን አያስቀርም።

የቅጥር ውል

የቅጥር ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ ግን አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ይህ ባይሟላም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። የሙከራ ጊዜ የሚኖረው በጽሑፍ ሲደረግ ብቻ ሲሆን፣ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። ቅጥር ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገመታል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው ሕጉ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ነው። ስለዚህ ዘላቂ ለሆነ ሥራ በየሦስት ወሩ ውል ማደስ ሠራተኛውን ጊዜያዊ አያደርገውም።

ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላን ልጅ መቅጠር የተከለከለ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት አሠሪው የደመወዙን 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ።

የሥራ ሰዓት፣ ትርፍ ሰዓትና ፈቃድ

መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት ማሠራት የሚቻለው ሕጉ በፈቀዳቸው ምክንያቶች ሲሆን፣ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያው የሚከተለው ነው፦

• ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፦ የሰዓቱ ደመወዝ 1.5 እጥፍ
• ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፦ 1.75 እጥፍ
• በሳምንት የዕረፍት ቀን፦ 2 እጥፍ
• በሕዝብ በዓል ቀን፦ 2.5 እጥፍ

በቀን 200 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ በሰዓት 25 ብር ያገኛል። ይህ ሠራተኛ ቀን ላይ ለሠራው አንድ ትርፍ ሰዓት 37.50 ብር፣ ሌሊት 43.75 ብር፣ በበዓል 62.50 ብር ይከፈለዋል።

የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ሲሆን፣ ለተጨማሪ ሁለት ዓመት አገልግሎት አንድ ቀን ይጨመራል። እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቃድ አላት፤ አባት ደግሞ 3 ቀን። በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ በመርህ ደረጃ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይካሳል። በመቁረጫና በብየዳ ለሚሠሩ ቤቶች ይህ ድንጋጌ ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ነው።

ስንብት

ብዙ የአሠሪና ሠራተኛ ክርክር የሚነሳው «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» ከሚል ቃል ነው። በሕጉ አሠሪው ሠራተኛን ማሰናበት የሚችለው በቂ ምክንያት ሲኖረውና ሥርዓቱን ሲከተል ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ጥፋቶች በአንቀጽ 27 ተዘርዝረዋል። ለምሳሌ በጽሑፍ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ ወይም በድምሩ 5 ቀን የቀረ ሠራተኛ ሊሰናበት ይችላል። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው ከሌለ ግን ማርፈዱ ብቻ አይበቃም። አሠሪው ጥፋቱን ባወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ እርምጃውን ካልወሰደም በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱን ያጣል።

በማስጠንቀቂያ ሲሰናበት ጊዜው እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ 2 ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላገለገለ 3 ወር ነው። ሠራተኛው በራሱ ፈቃድ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።

ድርጅቱ ሲዘጋ፣ ሠራተኛ ሲቀነስ ወይም ከሕግ ውጪ ስንብት ሲፈጸም የስንብት ክፍያ አለ። ለመጀመሪያው ዓመት የአማካይ ቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ ሲሶ ይጨመራል። በቀን 200 ብር እየተከፈለው 4 ዓመት የሠራ ሰው ለመጀመሪያው ዓመት 6,000፣ ለሦስቱ ዓመታት 6,000፣ በድምሩ 12,000 ብር ያገኛል። ስንብቱ ከሕግ ውጪ ሆኖ ወደ ሥራ ካልተመለሰ፣ ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ የቀን ደመወዙ በ180 ተባዝቶ እስከሚገኘው 36,000 ብር የሚደርስ ካሳ፣ በዚያም ላይ የማስጠንቀቂያ ጊዜውን ደመወዝ ሊያገኝ ይችላል። ለትንሽ ሱቅ ይህ ከባድ ገንዘብ ነው፤ ለሠራተኛው ደግሞ ሌላ ሥራ እስኪያገኝ የቤተሰቡ ቀለብ ነው።

የሥራ ውል ሲቋረጥ የሚገባው ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ተጨማሪ ሊያስከፍለው ይችላል።

ክርክርና አፈታቱ

ማስጠንቀቂያ

ውሉን ያልፈጸመን ወገን ከመክሰስ በፊት በቁጥር 1772 መሠረት ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ማስጠንቀቂያው ምን እንዲፈጸም እንደተፈለገና እስከ መቼ እንደሆነ ቢገልጽ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ባለመብቱ ውሉ እንዲፈጸም ወይም እንዲፈርስ፣ ከዚያም ጋር ካሳ መጠየቅ ይችላል።

ሽምግልና፣ ዕርቅና የግልግል ዳኝነት

በአነጋገር ሦስቱም «ሽምግልና» ይባላሉ፤ በሕግ ግን ውጤታቸው ይለያያል። ባህላዊው ሽምግልና ባለጉዳዮቹን ወደ ስምምነት የሚያመጣ ነው። በዕርቅም ሦስተኛው ሰው ያግባባል እንጂ አይፈርድም። በግልግል ዳኝነት ግን ተከራካሪዎቹ በጽሑፍ በተስማሙት መሠረት ገላጋዩ ዳኛ ሆኖ ይወስናል። ሁለቱን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ነው። በዚህ አዋጅ ሌላ ስምምነት ከሌለ በግልግል ውሳኔ ላይ ይግባኝ የለም። ግብር፣ መሬት፣ ኪሳራና የመሳሰሉ ጉዳዮች በግልግል ዳኝነት አይታዩም። በአዲስ አበባ የከተማዋ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የግልግል ተቋም አለው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ደግሞ ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን አስገብቷል።

ፍርድ ቤት

በአዲስ አበባ ግምቱ እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሆነ የፍትሐ ብሔር ክስ ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የመጀመሪያ ደረጃው ፍርድ ቤት ንፋስ ስልክ ላፍቶን ጨምሮ በተለያዩ ክፍለ ከተሞች ምድብ ችሎቶች አሉት። ዕዳው በቼክ ወይም በሌላ ግልጽ ሰነድ የተደገፈ ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 284 መሠረት በአጭር ሥነ ሥርዓት መጠየቅ ይቻላል፤ ተከሳሹም ለመከላከል የፍርድ ቤቱን ፈቃድ ማግኘት አለበት።

የግል የሥራ ክርክር በሥራ ክርክር ችሎት ይታያል። ሕጉ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያዛል፤ የዳኝነት ክፍያም አይጠየቅበትም። ይግባኝ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል። መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት የተባለ የመጨረሻ ውሳኔ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ይሄዳል። የሰበር ችሎቱ የሕግ ትርጉም በአገሪቱ ባሉ ፍርድ ቤቶች ሁሉ አስገዳጅ ነው፤ ስለዚህ አዋጁን ብቻ ማንበብ አንዳንድ ጊዜ በቂ አይሆንም።

ይርጋ

ይርጋ ማለት ክስ የማቅረቢያ ጊዜ ማብቃት ነው። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

• ከውል የመነጨ ክስ፣ ሌላ ጊዜ ካልተወሰነ፦ 10 ዓመት
• በማታለል፣ በማስገደድ ወይም በስህተት ምክንያት ውል እንዲፈርስ መጠየቅ፦ 2 ዓመት
• የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ መጠየቅ፦ 3 ወር
• የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ሌላ ክፍያ ጥያቄ፦ 6 ወር
• ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመነጭ ሌላ ጥያቄ፦ 6 ወር
• የተለየ ጊዜ ያልተወሰነለት የሥራ ክርክር፦ 1 ዓመት

በ10 ዓመቱና በ3 ወሩ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ሰው ያሳስታል። ሽማግሌ ልኮ መልስ የሚጠብቅ ሠራተኛ ሦስቱ ወር ሳይታወቀው ሊያልፍ ይችላል። ሽምግልናው እንደቀጠለ ክሱን በጊዜው ማቅረብ ዕርቁን አያፈርስም፤ ከተስማሙ ክሱ ይቋረጣል ወይም ስምምነቱ በፍርድ ቤት ይመዘገባል።

በእጅ መገኘት ያለባቸው ሰነዶች

ጉዳዩ ከባድ ሲሆን ፈቃድ ያለውን ጠበቃ ማማከር ይገባል። ጠበቃም ቢሆን ግን የሚሠራው ባለጉዳዩ በያዘው ማስረጃ ነው። አንድ አነስተኛ ድርጅት የተፈረሙ ውሎችን፣ የቀብድና የክፍያ ደረሰኞችን፣ የርክክብ ሰነድን፣ ከደንበኛ ጋር የተደረጉ የመልእክት ልውውጦችን፣ የሠራተኞችን የቅጥር ደብዳቤ፣ የደመወዝና የሰዓት መዝገብን፣ የፈቃድ መዝገብንና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎችን በአንድ ቦታ ቢይዝ አብዛኛው ክርክር ፍርድ ቤት ሳይደርስ ያልቃል። ሠራተኛውም የቅጥር ደብዳቤውን፣ የደመወዝ ማስረጃውንና የተሰናበተበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት መያዝ አለበት፤ ሦስቱ ወር መቆጠር የሚጀምረው ከስንብቱ ነውና።